የአለቃ ወልደሩፋኤል አሥራ አንድ ድንጋዮች

ባለቤቴ አለቃ ወልደሩፋኤል በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ድንጋይ መልቀም ጀመሩ። ሌላው ሽማግሌ በዚህ ዕድሜው የመሬት ክርክር ይይዛል፣ ወይም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያማል። የእኔው ሰው ግን በማለዳ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው በነቀምቴ ከቦይ ወደ ቦይ ይዞራሉ። ከሰዓት በኋላ ጋቢው ቀይ ጭቃ ጠጥቶ ይመለሳል። አጣቢዋ እኔ ሸዋርጋ ነኝ።

ነገሩ የመጣው የደብሩ አለቅነት ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በመሩት ደብር ላይ አንድ ወጣት ተሾመና እሳቸው በክብር «ይረፉ» ተባሉ። ማረፍ የማያውቅ ሰው ይረፉ ሲባል ምን እንደሚሆን ባል ያላት ሁሉ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ወጥ ቤቴ መግባት ጀመሩ። ቀጥሎ ሽንኩርት አከታተፌ ላይ አስተያየት ሰጡ። በሦስተኛው ሳምንት በርበሬው ፀሐይ ላይ መሰጣት ያለበት በየት በኩል እንደሆነ ሲያስረዱኝ፣ እመቤቴ ሆይ አንድ ሥራ ስጪልኝ ብዬ ለመንኩ። ልመናዬ ደረሰ፤ ድንጋይ ሆኖ መጣ።

ክረምት ነበር። አለቃ በአበጋዝ ወፍጮ ቤት በኩል ሲያልፉ ጭቃው አዳለጣቸውና ወደቁ። አበጋዝ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከተማችን ውስጥ በሞተር የሚሠራ ወፍጮ ያቆመ ነጋዴ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ጭቃ ደግሞ ከወፍጮው እኩል ዝነኛ ነው። አለቃ ወድቀው ሊነሡ ሲሉ ጎርፍ የገለበጠው ድንጋይ ከአፍንጫቸው ፊት ለፊት ነበር። በድንጋዩ ላይ መስቀል ተቀርጿል። እግሩ ሰፋ ያለ፣ ክንዶቹ እኩል የሆኑ፣ ጥሩ መስቀል። ከሥሩ ሦስት ነጥቦች አሉ። አለቃ ጋቢያቸውን አውልቀው ድንጋዩን ጠቀለሉበት። ያን ቀን በመውደቃቸው እስከ ዛሬ ይኮራሉ።

በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሆኑ። አንዱ የአጥር ማገር ደግፎ ተገኘ፤ አንዱ የፍየል ገመድ ታስሮበት፤ አንዱ ደግሞ ከነቀምቴ በስተሰሜን ካለችው ከኡኬ በአህያ ተጭኖ መጣ። አለቃ በኡኬው ድንጋይ ደስታ ሁለት ሌሊት አልተኙም። በአክሱም ዘመን መነኮሳት ዓባይን ተሻግረው ወደ ወለጋ ወርደዋል፣ መንገዳቸውም በኡኬ በኩል ነበር፣ በየደረሱበትም ይህን መስቀል እየቀረጹ ሄደዋል አሉ። እኔም መነኮሳቱ ለምን አንዱን የፍየል ማሰሪያ እንዳደረጉት ጠየቅሁ።

የድሮው ቤተልሔም፣ ማለት ለቅዳሴ ኅብስት ይዘጋጅበት የነበረው ክብ ቤት፣ አዲስ ከተሠራ ወዲህ ባዶውን ቆሞ ነበር። አለቃ ገና የመጀመሪያውን ድንጋይ ያገኙ ዕለት ያንን ለምነው ወስደው ነበር። በሩ ላይም በገዛ እጃቸው ጽፈው ሰሌዳ ሰቀሉ፦ «የጥንታውያን ክርስቲያኖች የመስቀል ድንጋዮች ቤተ መዘክር»። ከተማው ግን «ድንጋይ ቤት» አለው፤ እሳቸውንም ከኋላቸው «አለቃ ድንጋይ» ማለት ጀመረ። ይህን እሳቸው ያውቁ ነበር። እንደማያውቁ ሆነው ማለፋቸውን ደግሞ እኔ አውቅ ነበር።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ ይገባሉ። አስተማሪዎች ገብተዋል፣ የግዛቱ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ገብተዋል፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከጊምቢ የመጣ ዳኛ ገብቷል። አለቃ አንድ ሰዓት ይናገራሉ፤ ሰዉ ጎንበስ ቀና ብሎ ይወጣል። ሴት ግን አትገባም። ቤተልሔም ሴት አይገባበትማ። ቤቱ ቤተልሔም መሆኑ ከቀረ ስድስት ዓመቱ ነው አልኳቸው፤ ክልከላው ግን አልቀረም አሉኝ። እኔም ጋቢ የማጠብ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። አለቃ ለአንድ ዓመት ያህል አዲስ አበባ ላለ ጥንታዊ ነገር ለሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ሲጽፉ ኖረዋል፤ አሁን መልስ አገኙ። ድንጋዮቹን አይቶ የሚመዘግብ ሠራተኛ ይመጣል ይላል። ደኅና የሆኑት ከተመረጡ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ከነስማቸው ይቀመጣሉ፤ ያገኛቸውም ሰው ስም ከሥራቸው ይጻፋል። አለቃ ደብዳቤውን ቆመው አነበቡ፤ ከዚያ ተቀምጠው አነበቡ። «እንግዲህ ይረፉ ያሉኝ ሰዎች ያያሉ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። በዚያ ላይ አልቀለድኩም።

ቀጥሎ ግን የሠራተኛዋን ስም አየሁ። ወይዘሪት ሐረግወይን ይላል።

«ወይዘሪት ማለት ሴት ናት» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ድንጋዩን በመስኮት ሊያሳዩአት ነው?»

አለቃ አሰቡ። «የመንግሥት ሠራተኛ ናት። እንግዳም ናት። ትገባለች።»

«እኔስ?»

«አንቺማ የቤት ሰው ነሽ።»

«እንግዲያው የመንግሥት እንግዳ ሳትመጣ የቤት ሰው ገብቶ ይጥረገው። የሸረሪት ድሩን አይታ ከመነኮሳቱ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው ብላ እንዳትመዘግበው።»

በዚህ ተሸነፉ። ዓርብ ጠዋት መጥረጊያዬን ይዤ ከኋላቸው ገባሁ። እውነቱን ልናገር፤ ሳየው ደስ አለኝ። አሥራ አንዱ ድንጋዮች ክቡን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ መስቀሎቹ ሁሉ ወደ መሐል ይመለከታሉ፤ በእያንዳንዱ ሥር ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አለ። ባሌ ይህን ሁሉ በሽማግሌ ጉልበታቸው ተሸክመው አምጥተው እንዲህ አሳምረው አቆሙት ብዬ ኮራሁ። እሳቸውም የእኔን ኩራት አይተው የዳኛውን ያህል ረጅም ንግግር አደረጉልኝ።

«ቁጥር አንድ ላይ ሦስት ነጥብ ታያለሽ? ምሥጢረ ሥላሴ ነው። ቁጥር አራት ላይ ሰባት ናቸው፤ ሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን። ቁጥር ስድስት ላይ አምስት፤ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር።»

«ይኼስ ስምንቱ?»

«እሱ ሁለት ወር አስቸግሮኝ ነበር» አሉ። «በመጨረሻ ገባኝ። በኖኅ መርከብ የዳኑት ስምንቱ ነፍሳት ናቸው።»

«ከኋላው ያለው ጎድጓዳስ?»

«ጠበል ማኖሪያ ነው።»

ቀጥለውም ለወለሉ የሚጎዘጎዝ ሣር ሊያስመጡ ወጡ። እኔ ቁጥር ስድስትን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌ ከኋላው ልጠርግ አልኩ። ድንጋዩን ልደግፍ እጄን ስሰድ ጎድጓዳው ውስጥ ገባ። እጄ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። መሐሉ ዝቅ ያለ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለ፣ ወደ አንድ ወገን ያዘቀዘቀ፣ ለስልሶ ያለቀ። ሃያ ስድስት ዓመት በጉልበቴ ተንበርክኬ የኖርኩበት ነገር ነው። ወፍጮ ነው። ቁጥር ሰባትን አየሁ፤ ወፍጮ። የኡኬውን አየሁ፤ መሐሉ እስኪሳሳ የተፈጨበት ወፍጮ። አሥራ አንዱም ሴቶች እህል የሚፈጩባቸው ድንጋዮች ናቸው።

ሰው እንዴት ወፍጮ አያውቅም ትሉ ይሆናል። አለቃ ወፍጮ ያውቃሉ። ያወቁት ግን በጭቃ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ሴት ተደፍታበት፣ ከበሩ ሆነው ነው። ሥሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ስለሚቀበር እኛ ፈጪዎቹ እንኳ አናየውም። ከመደቡ ወጥቶ፣ ጠርዙ ተሸራርፎ፣ በጎኑ ቆሞ ሲያዩት፣ ሁልጊዜ በበቅሎ ላይ የሚያውቁትን ሰው በእግሩ ሲሄድ እንደማየት ነው። መስቀሉን ካዩ በኋላማ ሌላ ማየት አልፈለጉም። ዳኛውም አስተማሪዎቹም እንዲሁ። ከእነሱ መሐል አንድ ቀን የፈጨ የለም።

ነጠላዬን አፌ ላይ ወትፌ ሳቅሁ። ሰባቱ ምሥጢራት፣ የኖኅ መርከብ፣ ጠበል። እንደዚያ ስስቅ ነው ቁጥር አንድ ዘንድ የደረስኩት።

ቁጥር አንድ በላይኛው ጠርዙ ላይ ትንሽ ስብራት አለው። ያንን ስብራት እኔ ነኝ የሰበርኩት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴን ላግዝ ብዬ መጁን፣ ማለት በእጅ የሚያዘውን ትንሹን ድንጋይ፣ አንሥቼ ከእጄ አመለጠኝ። እናቴ ደራርቱ አልመታችኝም። የተሰበረውን ዳሰሰችና የወለቀ የፊት ጥርሴን አየች፤ «እንግዲህ ድንጋዩም እንደ አንቺ ወለቀለት» አለች። እናቴ የሞተችው እኔ ከማግባቴ በፊት ነው። ከእሷ ወርሼ ወደ ትዳሬ ያመጣሁት ያንን ወፍጮ ብቻ ነበር፤ አክስቶቼ ተሸክመው አምጥተው በቤቴ ተከሉልኝ።

ሳቄ ቆመ። ድንጋዩ እንዴት ከአበጋዝ በር ጭቃ ውስጥ እንደገባ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረምና።

የአበጋዝ ሞተር የተነሣ ዕለት ነቀምቴ ሠርግ መስሎ ነበር። ጉልበታችን ዳነ ብለን እልል አልን። ከመሐላችን አንዷ ወፍጮዋን አስነቅላ አምጥታ በሩ ላይ ያለው ጭቃ ውስጥ ጣለችው፤ ለመረማመጃ ይሁን ብላ። ከዚያ ሁላችንም ሮጥን። እኔ ያንን ድንጋይ በቀን ሠራተኛ ከመደቡ አስነቀልኩት። ጭቃው ውስጥ ሲወድቅ «ደህና ሰንብት» ብዬ ረገጥኩት። ለሃያ ስድስት ዓመት የታመመ ወገብ አለኝና በሰዓቱ አልጸጸተኝም። ከዚያ ወዲህም አላስታወስኩትም።

አለቃ ሣር ተሸክመው ሲመለሱ «ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ። አቧራ ነው አልኳቸው።

ከዚያ ቀጥታ የሄድኩት ሃርሜ በቀለች ዘንድ ነው። ሃርሜ እናት ማለት ነው በኦሮምኛ፤ የእናቴ ጓደኛ ስለነበሩ እንደዚያ ነው የምጠራቸው። ሰማንያ አምስት ዓመት ያልፋቸዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው በፕሮቴስታንቶቹ ሚስዮን ይዘምራሉ፣ እሳቸው ማተባቸውን እንዳሰሩ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አከም ቡልቴ፣ ሃርሜ፤ እንዴት አደሩ?»

«ነጋ፣ ኢንተላ ኮ፣ ደኅና ነኝ ልጄ። ታኢ፣ ተቀመጪ። ፊትሽ ምነው?»

ነገርኳቸው። ጥርስ በሌለው አፋቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ጉሉማ ነዋ» አሉ። «ወፍጮ የሚወቅረው ጉሉማ። ከነቀምቴ እስከ ኡኬ የእሱ መዶሻ ያልነካው ወፍጮ አልነበረም። ጣሊያን ሳይገባ ሞተ እንጂ አሁን መጥቶ ለባልሽ ይነግረው ነበር።»

«መስቀሉንስ ለምን?»

«በተጠመቅን ሰሞን ነው። እኔና እናትሽ ባንድ ቀን ነው የተጠመቅነው። ለእኛ ማተብ አሰሩልን፣ ቤት ገባን። ደራርቱ ወፍጮዋን አየችና ‹ይኼ ዳጋ፣ ድንጋዩስ ባዶ አንገቱን ሊቀር ነው? ከሁላችን በፊት እህሉን የሚነካው እሱ አይደለም ወይ?› አለች። ዳጋ አንገት የለውም አልኳት። አልሰማችኝም። ጉሉማን ጠርታ ድንጋዩን አስነቅላ መስቀል አስቀረጸችበት። ከዚያ እኔም አስቀረጽኩ። ከዚያ ሴቱ ሁሉ አስቀረጸ።»

«ከሥሩ ለምን ሆነ?»

«በመስቀል ላይ ማን ይፈጫል? ከላይ ቢሆን ደግሞ በዓመቱ ፈጭተን በልተነው ነበር።»

ነጥቦቹን ጠየቅሁ። ሃርሜ በቀለች አምስት ጣታቸውን ዘረጉ።

«ጉሉማ መጀመሪያ ‹ስንት አፍ ነው?› ብሎ ይጠይቃል። እህሉ ለሁሉም እንዲበቃ በቤቱ ሰው ቁጥር ነጥብ ያኖራል። እኛ ያኔ አምስት ነበርን። እናትሽ ሁለት ነበረች፤ እሷና አባትሽ ወታደሩ። ጉሉማ ሁለቱን ወቅሮ መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ሊከት ሲል ‹አንድ ጨምር› አለችው። ሦስተኛው ማነው አላት። ዝም ብላ ሳቀች። ሆዷ ገና አይታይም ነበር። እኔ እንኳ ጓደኛዋ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።»

ሦስተኛዋ ነጥብ እኔ ነኝ። ከመወለዴ በፊት የተቆጠርኩበትን ድንጋይ ነው ደህና ሰንብት ብዬ የረገጥኩት። አለቀስኩ። ሃርሜ በቀለች እንባዬን አዩና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

ቤት ስደርስ አለቃ ለእንግዳዋ የሚያደርጉትን ንግግር በጥሩ ወረቀት ይገለብጡ ነበር። የምናገርበትን መንገድ እየፈለግሁ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ገባሁ። በመጨረሻ እንደመጣልኝ ተናገርኩ።

«አለቃ፣ ያ ጎድጓዳ ለጠበል አይደለም። ለጤፍ ነው። ለበቆሎና ለዳጉሳም ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ወፍጮ ነው። አሥራ አንዱም።»

ብዕሩን አስቀመጡ። «አንቺ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ደብር የመራሁ፣ ቅኔ ያስቆጠርኩ ሰው ወፍጮ አላውቅም?»

«ያውቃሉ። ከበሩ ሆነው ያውቃሉ።»

ስለ ጉሉማ፣ ስለ ማተቡ፣ ስለ አፍ ቁጥሩ ነገርኳቸው። ቁጥር አንድ የማን እንደሆነ ግን አልነገርኩም። ጣዪዋ እኔ መሆኔን በእሳቸው ፊት ለማለት አፈርኩ። አለቃ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ወደ ድንጋይ ቤታቸው እንደሄዱ አውቄ ነበር። ሲመለሱ የቀኝ እጃቸውን ጣቶች እያሻሹ ነበር፤ እሳቸውም እጃቸውን በጎድጓዳዎቹ ውስጥ ሲያስገቡ ነው የቆዩት። ተቀመጡ። ከእነዚያ መነኮሳት አንዱ የሞተባቸው ይመስሉ ነበር።

«የሰው መሳቂያ ሆንኩ?» አሉ።

አሳዘኑኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስቀልድባቸው ኖሬ እንደዚያ ቀን ቀልዴ አፌ ላይ መርሮኝ አያውቅም። «ገና አልሆኑም» አልኳቸው። «የምናውቀው እኔና ሃርሜ በቀለች ነን። ልጅቷም የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ወፍጮ ከየት ታውቃለች? እኔ ዝም እላለሁ። የፈለጉትን ይንገሯት።»

ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ምሳቸውንም አልበሉም።

ወይዘሪት ሐረግወይን በማግስቱ በአውቶቡስ መጣች። ከትምህርት ቤት ከወጣች ብዙ የቆየች አትመስልም፤ ጸጉሯን ባጭሩ ተቆርጣ፣ ፎቶግራፍ ማንሻ በአንገቷ አንጠልጥላ፣ የመለኪያ ሜትርና ደብተር ይዛለች። ወሬውን የሰማ ሁሉ ተሰብስቧል። አዲሱ የደብር አለቃ መጥቷል፣ አስተማሪዎቹ መጥተዋል፣ አበጋዝ እንኳ ሞተሩን አቁሞ መጥቷል። እኔ ከልማድ ከደጅ፣ ከመድረኩ ላይ ቆምኩ።

አለቃ ንግግራቸውን ከመነኮሳቱና ከዓባይ ጀመሩ። እኔም ቃል ገብቻለሁና ዝም አልኩ። ልጅቷ ቁጥር አንድ ፊት ተንበርክካ መስቀሉን በጣቷ ተከተለች፣ ለካች፣ ጻፈች። «አለቃ፣ ይኼ እጅግ ግሩም ሥራ ነው» አለች። «እኔ በወለጋ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ይኼንን ይዤ ብሄድ ነው የሚሻለው።» ከኋላ የነበሩት ወንዶች ተያዩ። አዲሱ አለቃ ባሌን በአዲስ ዓይን ሲያያቸው አየሁ። ያ ዓይን ነበር ለሦስት ዓመት ሲጠብቁት የኖሩት።

«ከሥሩ ያሉት ሦስት ነጥቦች ምንድን ናቸው?» አለች።

አለቃ አፋቸውን ከፈቱ። «ምሥጢረ...» አሉና ቆሙ። ድንጋዩን አዩት። ቀኝ እጃቸው ጣቶቹን ማሸት ጀመረ። ከዚያ ዞር ብለው በበሩ በኩል ፈለጉኝ።

«ሸዋርጋ» አሉ። ሰው ፊት በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ አንቺ ነኝ። «ግቢና ንገሪያት። እኔ አላውቀውም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ገባሁ። ወንዶቹ መንገድ ለቀቁ። አለቃ ራሳቸው ድንጋዩን ከግድግዳው ማጋደም ያዙ፤ አዲሱ አለቃ ሮጦ አገዛቸው፤ ጎድጓዳው ወደ ላይ ሆኖ ተኛ። ተንበረከክሁ። መጅ ስላልነበረኝ በጡጫዬ አሳየኋት፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። ወገቤ ምን እንደሚመጣበት አውቆ ገና ሳልጀምር አመመኝ። አበጋዝ «ወፍጮ» አለ ለራሱ፤ ከበሩ በኩል አንድ ሰው ፈንድቶ ሳቀ።

አለቃ ሳይዞሩ ጠየቁ። «የሳቀው ሰው እናቱ ምን አብልታ አሳደገችው?»

ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

ለልጅቷ ሁሉንም ነገርኳት። የተጠመቁትን እናቶች፣ ለድንጋዩ የታሰረለትን ማተብ፣ ስንት አፍ ነው የሚለውን ጉሉማን። ሰባት ነጥብ ያለው ሰባት ሰው ያበላ እንደነበር፣ አምስት ነጥብ ያለው ምናልባት የሃርሜ በቀለች እንደሆነ ነገርኳት። ስምንቱ ነጥብ ላይ ስደርስ አለቃን አየኋቸው። «የኖኅ ቤተሰብም ስምንት አፍ ነበር፤ እሱ ላይ ብዙ አልተሳሳቱም» አልኩ። ሊስቁ ሞከሩ።

«ይኼ ባለ ሦስቱስ የማን ነው?»

«የእናቴ» አልኩ። አለቃ ቀና አሉ። «አንዱ አባቴ ነው፣ አንዷ እሷ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ሆዷ ውስጥ ነበርኩ።»

«እንዴት እዚህ ደረሰ?»

አለቃ አንሥተውት ነው ብል ይበቃ ነበር። ውሸትም አይሆንም። እሳቸው ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላውቅም ብለው ጠርተውኛል፤ እኔ የራሴን ግማሽ ደብቄ ልወጣ አልቻልኩም። «እኔ ጣልኩት» አልኩ። «የሞተሩ ወፍጮ ሲመጣ ጭቃ ውስጥ ጥዬ ተራመድኩበት። ከሥሩ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። የእናቴ መሆኑን ግን አውቅ ነበር።»

ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠች። መሥሪያ ቤቷ ገና ስልሳ ዓመት ገደማ የሆነውን ነገር እንደማይመዘግብ፣ ይዛ መሄድም እንደማትችል ዓይኗን ከአለቃ ሸሽታ ተናገረች። አለቃም «ያለ ነው፣ ልጄ» አሏት። ከመሄዷ በፊት እኔን ከወፍጮው ጋር ፎቶግራፍ አነሣችን። እሱን ለመሥሪያ ቤቱ አይደለም፣ ለራሴ ነው አለች።

ሰዉ ተበተነ። ከተማው እስኪመሽ አልታገሠም፤ አለቃ ድንጋይ የነበሩት ገና በቀትር አለቃ ወፍጮ ሆነዋል። እኔ ሣሩን ልጠርግ ቀረሁ። አለቃ ከአሥራ አንዱም ድንጋይ ሥር ወረቀታቸውን አንድ በአንድ ያነሡ ነበር። ሰሌዳውንም ያወርዱታል ብዬ ጠበቅሁ።

«እንግዲህ ይዘጉታል?» አልኳቸው።

«ለምን እዘጋለሁ? የጥንት ክርስቲያኖችን ስፈልግ ነበር፤ አገኘኋቸው። ያሰብኳቸው ሰዎች አልሆኑም እንጂ። ሴቶቹ ይምጡና የእናቶቻቸውን ይለዩ። ብቻዬን ከቆጠርኩ ደግሞ መርከብ ውስጥ እገባለሁ።»

ከዚያ የቀለም ዕቃቸውን አውጥተው ቁጥር አንድ ፊት ተቀመጡ። ወረቀቱን በጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ ብዕሩን ነከሩ፤ ጥቂት ቆዩ።

«የእናትሽ የክርስትና ስም ማን ነበር?» አሉኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ቤት ኖረን፣ ሃያ ስድስቱን ዓመት ከዚያ ድንጋይ የወጣ እህል በልተው፣ ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። እኔም ነግሬያቸው አላውቅም።

«ወለተ ሐና» አልኩ።

በዚያ ሁልጊዜ በሚኮሩበት ጽሕፈታቸው ጻፉ፦ «የወለተ ሐና ደራርቱ ወፍጮ። ጉሉማ ወቀረው። ነጥቦቹ ባሏ፣ እሷ፣ ልጇ ሸዋርጋ።» አነበቡልኝ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት፤ ከዚያ በመነጽራቸው ላይ አዩኝ።

«ማን እንደ ጣለውም ልጻፍ?»

«ይጻፉ» አልኳቸው።

አልጻፉም።